በሩብ ሄክታር ግቢ አቮካዶና የጓሮ አትክልት ማልማት፦ ከውሃ ቆጠራ እስከ ለቀማ

ሩብ ሄክታር፣ በብዙ ቦታ አንድ ጥማድ የሚባለው፣ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ይህን ያህል ግቢ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ችግኝ ይይዝልኛል?» ብሎ ነው። መልሱን የሚሰጠው ግን በመጋቢት ወር ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ ነው። በሐምሌ 60 ችግኝ ተክሎ በሚያዝያ 20 ችግኝ ብቻ የቀረለት ሰው ብዙውን ጊዜ የተሳሳተው የውሃውን ሒሳብ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከአካፋ በፊት ከጀሪካን ይጀምራል።

የተጻፈው ለወይና ደጋ ነው፤ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ለሚዘንብበት፣ ከ1,700 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ላለው አገር፣ ለምሳሌ ከባሕር ዳር ዙሪያ እስከ ሜጫ ላለው አካባቢ። ከዚህ በላይ ባለ ደጋ ውርጭ አቮካዶውን ይመታዋል፤ እዚያ ፖም የተሻለ ነው።

ውሃውን መቁጠር

የእጅ ጉድጓድ ካላችሁ በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ፣ ውሃው በጣም በሚሸሽበት ጊዜ ለኩት። ንጋት ላይ እስኪደርቅ ቅዱና ጀሪካኑን ቁጠሩ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደገና ቅዱ። የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ተጠራቅሞ የቆየውን ስለሚጨምር ያታልላል፤ ትክክለኛው የሁለተኛው ቀን ነው። ከእሱም ሦስት አራተኛውን ብቻ ለእርሻ ያዙ፤ ቤትም፣ ከብትም ይጠጣል።

አሁን ወጪውን አስሉ። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን 5 ሊትር ያህል ይፈልጋል። አንድ ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መደብ 50 ሊትር መሆኑ ነው። 12 መደብ 600 ሊትር፣ ማለትም 30 ጀሪካን ይጠጣል። አዲስ የተተከለ አቮካዶ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20፣ 20 ሊትር ይበቃዋል። 20 ዛፍ በሳምንት 800 ሊትር፣ በቀን ሲመታ 6 ጀሪካን ያህል ነው። ጠቅላላው 36 ጀሪካን ሆነ። ለእርሻ የሚተርፈው 18 ብቻ ከሆነ 6ቱ ለዛፎቹ ይሂድ፤ በቀሪው 12 አምስት መደብ በጭንቅ ይጠጣል፤ ሌላውን ለክረምት ተውት። ቅድሚያው ለዛፍ የሚሆነው የደረቀ ጎመን በሦስት ወር ስለሚተካ ነው፤ የደረቀ አቮካዶ ግን ሙሉ ዓመት ይወስዳል።

የጣሪያ ውሃንም አትናቁ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ባሕር ዳር አካባቢ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። 80 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ አምስት እጅ አንዱ ባክኖ እንኳ፣ 90,000 ሊትር ያህል ይሰጣል። ችግሩ ማጠራቀሚያው ነው፤ ዝናቡ የሚመጣው መደቡ ውሃ በማይፈልግበት ወቅት ስለሆነ። 4 ሜትር በ6 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ጂኦሜምብሬን የሚባል ወፍራም ላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ 48,000 ሊትር ይይዛል፤ ጎኖቹን አጋድማችሁ ከቆፈራችሁት ግን ያነሰ። ከላይ በሣር ክዳን ወይም በጥላ መረብ ካልተሸፈነ ፀሐይ ብዙውን ትወስደዋለች። ልጅና ከብት እንዳይገባበት አጥሩ ከኩሬው ቀድሞ ይሠራ።

አፈሩ ውሃ ያሳልፋል ወይ?

አቮካዶ ድርቅን ከሚፈራው በላይ የተኛ ውሃን ይፈራል። 60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉት። ሲጠልቅ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ሙሌት በማግስቱም ካልጠለቀ እዚያ ቦታ አቮካዶ አትትከሉ። ቀይ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ዋልካ አፈር ግን ክረምት ላይ እንደ ገንቦ ውሃ ይይዛል፤ ሌላ ቦታ ከሌለ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 2 ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ሠርታችሁ በጉብታው አናት ላይ ትከሉ፤ በረድፎቹ መካከልም ውሃ ማፋሰሻ ቦይ አውጡ።

የጎጃም ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ኖራ መጨመር የሚጠቅመው ግን አፈሩ ተመርምሮ መጠኑ ሲታወቅ ነው፤ በግምት የተበተነ ኖራ ሌላ ችግር ያመጣል። ከአምስት ቦታ፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስዳችሁ ቀላቅሉና አንድ ኪሎ ያህሉን በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ለምርመራ ላኩ።

ቦታ መደልደል

የአትክልት መደቡ ለወጥ ቤቱና ለውሃው ቅርብ ይሁን። በየቀኑ የሚታይ መደብ በሽታውም ቶሎ ይታያል፤ 60 ሜትር ርቆ ያለ ቲማቲም ግን ትሉ ከበላው በኋላ ነው የሚደረስበት። 12 መደብ ከግማሽ ሜትር መተላለፊያው ጋር 180 ካሬ ሜትር ይፈጃል።

አቮካዶው 7 በ7 ሜትር ተራርቆ፣ 4 ረድፍ በ5 ዛፍ፣ 980 ካሬ ሜትር ይይዛል። ችግኙ ትንሽ ሆኖ ሲታይ 7 ሜትር ባዶ ሜዳ ይመስላል፤ ለዚህ ብላችሁ 4 ሜትር አታድርጉት። በስምንተኛው ዓመት ቅርንጫፎቹ ሲጋጠሙ ፍሬው ከላይ ብቻ ይቀራል፣ ለቀማውም መሰላል ይጠይቃል። ክፍተቱን በየአራቱ አቮካዶ መሐል አንድ ፓፓያ ተክላችሁ ሙሉት። ፓፓያ በዓመት ገደማ ማፍራት ይጀምራል፣ አቮካዶው ሲሰፋም ይቆረጣል።

ባሕር ዛፍ ካለ ከመስመሩ ቢያንስ 15 ሜትር ራቁ። ሙዝ የልብስና የዕቃ እጣቢ በሚፈስበት አቅጣጫ ይሁን፤ ብዙ በረኪና ያለበትን ውሃ ግን ወደ ሌላ ቦታ ድፉት። በሙዝ ቁጥቋጦ ላይ ሦስት ግንድ ብቻ ይቆይ፦ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ። ሌላውን ከሥሩ አውጡት፤ አለዚያ ዘለላው ጣት ጣት ያህል ሆኖ ይቀራል። በአጥሩ ዙሪያ ጌሾ፣ በመደቡ ጫፍ ጫፍ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ኮሰረት ይትከሉ።

ኮምፖስት፦ ከተከላው ከአምስት እስከ ስድስት ወር በፊት

ለ20 የአቮካዶ ጉድጓድ በነፍስ ወከፍ 20 ኪሎ፣ ለ120 ካሬ ሜትር መደብ በካሬ 3 ኪሎ ብትይዙ 760 ኪሎ የበሰለ ኮምፖስት ያስፈልጋችኋል። ይህ የሚገኘው 1.5 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ከፍታ ካለው ክምር ነው፤ ሲበስል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለሐምሌ ተከላ ክምሩ በጥር ወይም በየካቲት መጀመር አለበት።

ከታች የበቆሎ አገዳ ወይም ጭራሮ አንጥፉ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ 20 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ነገር እንደ ጭድ፣ 20 ሴንቲ ሜትር እርጥብ ነገር እንደ አረምና ቅጠል፣ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ፍግ፣ በላዩ ላይ እፍኝ አመድና ስስ አፈር ነስንሱ። በየንብርብሩ ውሃ አርከፍክፉ። እንደዚህ እየደጋገማችሁ አንድ ሜትር ሲደርስ በሣር ወይም በሙዝ ቅጠል ሸፍኑት። መሐሉ ላይ ረዥም እንጨት ሰክታችሁ በሳምንቱ መዝዛችሁ ንኩት። የሚያቃጥል ከሆነ ሥራው ተጀምሯል። ደርቆና ቀዝቅዞ ከወጣ ውሃ አንሶታል። ረጥቦ የሚከረፋ ከሆነ ውሃው በዝቶ አየር አጥቷል፤ ገልብጡትና ጭድ ጨምሩበት። በየሦስት ሳምንቱ ይገላበጥ። ጭዱ ከማይለይበት፣ ሽታው የጫካ አፈር ከሆነበት ጊዜ በኋላ ነው ወደ ጉድጓድ የሚገባው። ያልበሰለ ፍግ የችግኙን ሥር ያቃጥላል፣ ምስጥም ይጠራል።

ችግኝ ሲገዛ የሚታየው

ከዘር የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ከ6 እስከ 10 ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለው፣ ማለትም የጥሩ ዝርያ ቅርንጫፍ ከዘር በበቀለ ችግኝ («የዱሩ» በሚባለው) ላይ የተጣበቀበት፣ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ይጀምራል። ስለዚህ ለልዩነቱ ገንዘብ መክፈል ያዋጣል።

ከ20ው ዛፍ 17ቱን ሃስ፣ 3ቱን ኤቲንገር ወይም ፉዌርቴ የሚባሉትን ዝርያዎች አድርጉ። ምክንያቱ አበባው ነው። የሃስ አበባ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈታል፣ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ሆኖ ይከፈታል። ኤቲንገርና ፉዌርቴ በተቃራኒው ከሰዓት ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ ናቸው። አንዱ የአበባ ብናኝ ሲሰጥ ሌላው ይቀበላል፤ አመላላሹ ንብ ነው። ሃስ ብቻውን ቢተከልም ያፈራል፣ ግን ያነሰ። ሦስቱን በአንድ ጥግ አትሰብስቧቸው፤ በየረድፉ መሐል በትኗቸው።

ችግኙን ስትመርጡ የተዳቀለበትን ቦታ በጣታችሁ ዳስሱ። ሙሉ በሙሉ የተጣበቀ፣ ያልተሰነጠቀ ይሁን። ከሱ በታች ቅጠል ካለ እሱ የዱሩ ነው። የላስቲኩን ሥር ተመልከቱ፤ ሥሩ ቀድዶ ወጥቶ መሬት ውስጥ የገባ ወይም ውስጡ ተጠምጥሞ የከረረ ችግኝ በነፃ ቢሰጥም አትውሰዱ። ጥሩ ቁመናው ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ረዥሙ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም።

ጉድጓድና ተከላ

1. ሚያዝያ ላይ ካስማ ምቱ። ማዕዘኑ ልክ እንዲሆን በገመድ 3፣ 4ና 5 ሜትር ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ሥሩ፤ በ3ና በ4 መካከል ያለው ማዕዘን ቀጥ ያለ ይሆናል።

2. 60 በ60፣ ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። የላይኛውን 30 ሴንቲ ሜትር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን ከምሩ። ግድግዳው በዶማ ተላልጦ ከለሰለሰ በአካፋ ፈንቅሉት፤ አለዚያ ሥሩ እንደ ማሰሮ ውስጥ ይዞራል።

3. ሦስት ሳምንት ያህል ፀሐይ ይምታው። በግንቦት መጨረሻ የላይኛውን አፈር ከ20 ኪሎ ኮምፖስት ጋር ቀላቅላችሁ መልሱ፤ የታችኛው በመጨረሻ ይግባ። ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆለል። ይህ ቁልል በመጀመሪያው ዝናብ ይሰክናል። በተከላው ቀን የሚሞላ ጉድጓድ ግን ችግኙን ይዞ ይሰምጣል፤ የተዳቀለው ቦታ አፈር ውስጥ የሚቀበረው፣ ውሃም በግንዱ ዙሪያ የሚተኛው በዚህ የተነሳ ነው።

4. መሬቱ በደንብ ሲርስ፣ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ትከሉ። ከዚያ በኋላ የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ በጋ ይይዘዋል። የላስቲኩን መቀመጫ በምላጭ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ የተጠማዘዘ ሥር ካለ አብራችሁ ቁረጡ። ጉድጓድ ውስጥ ካስገባችሁ በኋላ ጎኑን ሰንጥቃችሁ ላስቲኩን አውጡ። ከነላስቲኩ የሚተከል ችግኝ ዛሬም አለ፤ ሁለት ዓመት ቆሞ ሳያድግ ይሞታል።

5. የሥሩ አፈር አናት ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የተዳቀለበት ቦታ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከአፈር በላይ ይሁን። በእጅ ጠቅጥቁ፤ እግር ሥሩን ይበጥሳል።

6. ድጋፍ እንጨት ከነፋሱ አቅጣጫ ትከሉና በስምንት ቁጥር ቅርጽ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ዝናብ ቢሆንም 20 ሊትር ውሃ አጠጡ፤ ሥሩን ከአፈሩ የሚያገናኘው ይህ ውሃ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት

ክረምት ላይ በግንዱ ዙሪያ አፈሩ ጉብ ይበል። መስከረም ሲያልቅ የማጠጫ ቀለበት፣ ከግንዱ ግማሽ ሜትር ርቆ፣ አውጡና 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ አልብሱት። ጉዝጓዙ ከግንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከነካው ቅርፊቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይወጣበታል። ለጉዝጓዝ ዘር ያልያዘ ሣር ይበጃል፤ ዘር የያዘውን ስታነጥፉ አረም እየዘራችሁ ነው።

ከተዳቀለበት ቦታ በታች የሚወጣውን ቅርንጫፍ በየሳምንቱ ገና ለጋ ሳለ በጣት ገንጥሉት። ይህን ከዘነጋችሁ የዱሩ ይበረታና ሃሱ ይደርቃል። ባለቤቱ በአምስተኛው ዓመት «ሃስ ብዬ የገዛሁት ሌላ ሆነ» የሚለው ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። የማዳቀያው ላስቲክ ግንዱን ማነቅ ሲጀምርም ፍቱት። በምዕራብ በኩል የሣር ጥላ ይሠራለት፤ ለጋ ግንድ የከሰዓት ፀሐይን አይችልም።

በሁለተኛው ዓመት የሚወጣውን አበባና ፍሬ አርግፉት። ያሳዝናል፣ ግን ያን ጊዜ ሦስት ፍሬ የተሸከመ ዛፍ በኋላ የሚሸከመውን ቅርንጫፍ ሳያበጅ ይቀራል። ዩሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ዛፍ ከ100 ግራም አይለፍ፣ እሱም ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ እርጥብ አፈር ላይ፣ ከግንዱ ርቆ ይሰጥ።

ከሁሉም የሚከፋው የሥር መበስበስ ነው። ምልክቱ ያደናግራል፦ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል፣ ይገረጣል፣ ያንሳል፣ ከጫፍ ወደ ታች ይደርቃል። ሰው ጠምቶት ነው ብሎ ውሃ ይጨምርለትና ይገድለዋል። አፈሩን ጥቂት ገለጥ አድርጉ፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ነጭ ከመሆን ይልቅ ጠቁረው ሲነኩ የሚሰባበሩ ከሆነ ማጠጣቱን ቀንሱ፣ ውሃውን አፋስሱ፣ ጉዝጓዝ ጨምሩ። የሞተውን ነቅላችሁ በዚያው ጉድጓድ ሌላ አቮካዶ አትተኩ፤ በሽታው አፈር ውስጥ ይቆያል። ከታመመ ግቢ የመጣ አካፋና ቦት ጫማም ሳይታጠብ አይግባ።

የአትክልት መደብ

ክረምት ላይ መደቡ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ በበጋ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ አንደኛው ውሃ ያፈስሳል፣ ሌላኛው ይይዛል። ስፋቱ ከ1 ሜትር አይለፍ፤ ከሁለቱም ወገን እጅ መሐሉን መድረስ አለበት፣ መደቡ ፈጽሞ አይረገጥ።

ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን በችግኝ መደብ ይጀምራሉ። በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት መስመር አውጡ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ዝሩ፣ በሣር ሸፍኑ። ሣሩ ግማሽ ያህሉ ዘር እንደበቀለ ይነሳ፤ ሦስት ቀን ከዘገየ ችግኙ ቢጫና ቀጫጫ ይሆናል። ቲማቲምና ጥቅል ጎመን በ4 ወይም 5 ሳምንት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በ7 ወይም 8 ሳምንት ይዛወራሉ። ከመዛወሩ አንድ ሳምንት በፊት ውሃ እየቀነሳችሁ ፀሐይ አላምዱት፤ የሚዛወረውም ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ ነው።

ቲማቲም በመስመሮች መካከል 1 ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ በመደባችን መሐል አንድ መስመር ብቻ ማለት ነው። ሽንኩርት በመስመሮቹ መካከል 20፣ በተክሎቹ መካከል ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ካሮትና ቀይ ሥር መዛወር ስለማይወዱ በቦታቸው ይዘሩ፤ ካሮቱ ጣት ሲያክል በ5 ሴንቲ ሜትር አሳሱት፤ ያልሳሳ ካሮት ቅጠል እንጂ ሥር አይሰጥም። ሐበሻ ጎመን የታችኛው ቅጠል ብቻ ይቀንጠስ፣ አናቱ ላይ አራት አምስት ቅጠል ይቅር፤ እንዲህ ከተያዘ ለወራት ይሰጣል። ሰላጣና ካሮት በየሦስት ሳምንቱ ግማሽ መደብ እየዘራችሁ ሂዱ፤ አንድ ላይ የተዘራ አንድ ላይ ይደርስና ግማሹ ይጣላል።

ቲማቲምና ድንች ክረምት ላይ ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ በሳምንት ውስጥ ያጠቁራቸዋል። ለቤት የሚሆን ቲማቲም በመስከረም መጨረሻ አፍልታችሁ በጥቅምት መጨረሻ ብታዛውሩ ይሻላል። ድንች በክረምት ካስፈለገ በሽታ የሚቋቋሙትን ጉደኔ ወይም በለጠ ምረጡ፤ 75 በ30 ሴንቲ ሜትር ይተከላል። በበጋ ደግሞ የቲማቲሙ ጠላት ቱታ አብሶሉታ ነው፤ ወደ አገራችን በ2012 እ.ኤ.አ. አካባቢ የገባች ትንሽ የእሳት ራት ናት። ትሏ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ገብታ ስለምትበላ ከላይ የሚረጨው አይደርስባትም። የተበሳውን ቅጠልና ፍሬ በየሁለት ቀኑ ለቅማችሁ በታሰረ ጥቁር ላስቲክ ፀሐይ ላይ አብስሉት፤ መሬት ላይ የተጣለው መልሶ ይፈላል።

ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አንዱ በወጣበት መደብ ላይ ሌላው ለሦስት ዓመት አይግባ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም እንደዚሁ። ነጭ ሽንኩርቱ ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ከጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ጋር ካወጣ ተክሉን ከነአፈሩ አውጥታችሁ አቃጥሉ። እነዚያ ፍሬዎች ከ20 ዓመት በላይ መቆየት ስለሚችሉ ያ መደብ ለሽንኩርት ዘር በሙሉ ተዘግቷል ማለት ነው። የጎመን ክሽክሽ ገና ጥቂት ሳለ በጣት ይደመሰሳል፣ ወይም በሳሙና ውሃ ከቅጠሉ ሥር ይታጠባል። ፀረ ተባይ የግድ ከሆነ ከርጭት እስከ ለቀማ ያለውን የቀን ገደብ ከመለያው አንብቡ፤ አቮካዶው በሚያብብበት ወቅት ግን ንቡን ስለሚጨርስ በግቢው ውስጥ ምንም አይረጭ።

ፓፓያውን መለየት፣ አቮካዶውን መልቀም

ፓፓያ በአንድ ቦታ ሦስት ችግኝ ይተከላል። በስድስተኛው ወር ገደማ ሲያብብ ወንዱ በረዥምና በተንጠለጠለ ዘንግ ላይ ብዙ ትናንሽ አበባ ያወጣል፤ ሴቷ ግንዱን ተጠግታ ትልልቅ አበባ ታወጣለች። ከ10 ሴት ጋር አንድ ወንድ ብቻ አስቀሩ፣ በየቦታውም አንድ ተክል ይቅር።

አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ ስለዚህ ደረሰ አልደረሰ በመጭመቅ አይታወቅም። ትልልቆቹን ሁለት ሦስት ፍሬ ቆርጣችሁ ቤት ውስጥ ከ7 እስከ 10 ቀን አቆዩ። ሳይጨማደዱ እኩል ከለሰለሱ ለቀማው ይጀመር። ቆዳቸው ከተሸበሸበ፣ ሥጋቸውም እንደ ጎማ ከሆነ ሦስት ሳምንት ጠብቁና ድገሙት። ፍሬውን በመቀስ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንጨቱን አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ ተጎትቶ የተነቀለው በእንጨቱ ቀዳዳ ሻጋታ ይገባበታል። በዱላ የረገፈና መሬት የነካውን ለብቻ አድርጉ፣ በዚያው ሳምንት ይበላ። የቀረውን ጠዋት ለቅማችሁ ጥላ ሥር፣ በሣጥን ከሁለት ድርብ ሳይበልጥ አስቀምጡት። ያልደረሰው ዛፉ ላይ ይቆይ፤ ሃስ ከደረሰም በኋላ ለሳምንታት ሳይበላሽ ስለሚቆይ ለቤትም ለገበያም ከፋፍሎ መልቀም ይቻላል።